ለልጄ የጠራሁት ደቦ

አሁን ስም አለው አሉኝ። የተማረችው የእህቴ ልጅ ናት ወረቀት ላይ ጽፋ «ኦቲዝም ይባላል፣ እትዬ» ያለችኝ። ደግ፣ ስሙ ከተገኘ ይገኝ። እኔ ግን ልጄን ያሳደግኳት ስሙ ነቀምቴ ሳይደርስ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ በጭቃ ቤት፣ ያለ ባል። ያኔ ሰፈሩ የሚሰጣት ስም አላጣም። አንዱ ጋኔን ነው ይላል፣ አንዱ ቡዳ በልቷት ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያየ የእናት ኃጢአት ነው ይላል። እኔ እንዲህ ሲሉኝ አንገቴን የምደፋ ሴት አይደለሁም። ምላሴ ረጅም ነው፤ ዛሬም አላጠረም።

ሰባት ዓመት ሞልቷት አትናገርም ነበር። ማለቴ ትናገራለች፣ ግን የሰማችውን መልሳ ነው። ጠዋት መንገደኛ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ሊለኝ «አከም ቡልቴ» ብሎኝ ካለፈ፣ ልጄ «አከም ቡልቴ» ስትል ትውላለች፣ ያውም በሰውዬው ድምፅ። ስጠራት ዞር አትልም። ዓይኔን አታይም። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሳ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትወድቃለች። ያገኘችውን ሁሉ ትደረድራለች፤ ጠጠር፣ በቆሎ፣ የጠርሙስ ቆርኪ። ከድርድሩ መሀል አንድ ያነሳ ሰው ጉዱ ፈላ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ውሃ ትወዳለች። የሚወርድ ውሃ ድምፅ ከሰማች የሚመልሳት የለም።

ያልወሰድኳት ቦታ የለም። ጠበል ወሰድኳት፣ በርዷት አለቀሰች። ቃልቻ ቤት ወሰድኳት፣ ቀይ ዶሮ አምጪ አለኝ፣ ዶሮዬን በልቶ ሸኘኝ። የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እጃቸውን ጭነው ረዥም ጸሎት ጸለዩላት፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ ሲጨርሱ «አሜን» አለቻቸው። ደስ አላቸው። እሷ ግን ለሦስት ቀን አሜን ስትል ከረመች። ከዚያ በኋላ በቃኝ አልኩ። ልጄ እንዲህ ናት፤ የፈለገ ይቀበላት፣ ያልፈለገ መንገድ ይቀይር።

አባቷን ዴዴሳ ቆላ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ወባ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ የአዳሪ ተማሪዎች ልብስ ማጠብ ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። መጀመሪያ ልጄን በር ዘግቼባት ነበር የምሄደው። አንድ ቀን በጓሮ መስኮት ወጥታ ቡርቃ ጃቶ ወንዝ ወረደች። ሮጬ ስደርስ ውሃው ከጉልበቷ አልፎ ቆማ ትስቃለች። ትንሽ ወረድ ብላ ቢሆን ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

በማግስቱ በመቀነቴ አሰርኳት። ይኸን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ልጄን ያሰራት ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ። አልጋው እግር ላይ፣ ረዘም አድርጌ፣ ቂጣና ውሃ አጠገቧ አስቀምጬ። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ስመለስ የእጇ አንጓ ቀልቶ፣ አንዳንዴም አብጦ አገኘዋለሁ፤ ቅቤ እቀባታለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ላጣፋ ስዞር፣ ራሷ ሄዳ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ዘርግታልኛለች። እናቷን ዓይኗን አይታ የማታውቅ ልጅ፣ እሰሪኝ ብላ እጇን ሰጠችኝ።

የዚያን ቀን ሥራ አልሄድኩም። የተማሪው ልብስ ይግማ አልኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሳለቅስ ቆይቼ ተናደድኩ፣ መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በሰፈሩ ሁሉ። ልጄ ከእንግዲህ አትታሰርም አልኩ። አባቴ ጎጃሜ ነው፣ እናቴ ኦሮሞ ናት፤ አንድን ነገር ከልቤ ስምል በሁለቱም ቋንቋ ነው የምምለው። «ሂን ሂዳምቱ፣ አትታሰርም» አልኩ፣ ከእሷ ሌላ ሰሚ በሌለበት ቤት።

የባሌ ታላቅ ወንድም የመጣው ያን ሰሞን ነው። አርጆ በኩል ገጠር ይኖራል፤ ከብት አለው፣ ቡና አለው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ አሁን ሳወራ ግን እሱ እያልኩ ነው፣ ይቅር ይበለኝ።

«አንቺ ሥራሽን አትጪ» አለኝ። «ልጅቱን ስጪኝ፤ የወንድሜ ደም ናት። ጥጃ ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል አለኝ፤ የምትበላው አይጎድልባትም።»

«ያስሯታል፣ አያ?»

«ሰው እርሻ ሲወርድ ምን ይደረጋል ታዲያ፣ ትታሰራለች እንጂ» አለኝ፣ ስለ ጥጃዋ የጠየቅኩት ይመስል። ከዚያ ቀጠሮ ሰጠኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ የሚጠብቃት ሰው ካገኘሁ ይተዋታል፤ ካላገኘሁ በቅሎ ጭኖ፣ ካስፈለገም ሽማግሌ ሰብስቦ ይወስዳታል። ሽማግሌ ለማን እንደሚፈርድ ደግሞ አላጣሁትም። የልጅቱ አጎት ከብትና ቡና ያለው ሰው ነው፤ እኔ ባሏ የሞተባት ልብስ አጣቢ ነኝ።

ያን ሳምንት ጎረቤት ሁሉ ዞሬ ለመንኩ። አንዷ ሥራ አለብኝ አለች። ሌላዋ ልጆቼን ትነክስብኛለች አለች፤ ልጄ ሰው ነክሳ አታውቅም። «ምነው አጎቷ ቢወስዳት፤ ትገላገያለሽ» ያሉኝም አሉ። ትገላገያለሽ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። ከሸክም ነው እንዴ የምገላገለው? ልመና አልሆነልኝም፤ ሲፈጥረኝም ለልመና አልፈጠረኝም።

አንድ ጠዋት አንሶላ ስጨምቅ ነው ደቦ ትዝ ያለኝ። እነዚህ ትገላገያለሽ የሚሉኝ ሰዎች የተቀመጡበትን ቤት ጭቃ ያቦካሁት እኔ ነኝ። ደቦ ተብሎ ቀርቼ አላውቅም፣ ባሌ እያለም፣ ከሞተም በኋላ። በኛ አገር ደቦ የተጠራ ሰው አይቀርም፤ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። የቀረ ሰው የሱ ግድግዳ ሲመረግ ከጭቃው ጋር ብቻውን ነው። እኔ ደግሞ ስሄድ ኖርኩ እንጂ አንድም ቀን ደቦ ጠርቼ አላውቅም ነበር።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዞርኩ። «ቅዳሜ ደቦ አለብኝ» እያልኩ በየበሩ ተናገርኩ። ምን ሥራ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግድግዳዬ መፈረካከሱን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው፣ ሴቶቹ አሮጌ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጭድ ተሸክመው። እኔ ወፍራሙን ቂጣ፣ ጩምቦ የምንለውን፣ ጋግሬ ቅቤ አጠጥቼዋለሁ፤ የሚሲዮን ሰዎቹም እንዳይቸገሩ የማያሰክረውን ቡቅሪ በእንስራ አዘጋጅቻለሁ። ሥራ ሳይጀመር ብሉልኝ አልኩ። ብሉ እንጂ፣ ጠጡ እንጂ፣ በሞቴ አልኩ። በሉ። በመጨረሻ አናጢው ጎረቤቴ አፉን ጠርጎ ተነሳና «ጭቃው የታለ?» አለ።

ልጄን እጇን ይዤ ከጓዳ አወጣኋት።

«ሥራው ይቺ ናት» አልኩ። «ግድግዳዬ ይፍረስ፣ አትምረጉልኝ። ሥራ ስሄድ ልጄን ጠብቁልኝ። አምስት ቀን ነው፣ አንድ አንድ ቀን ተካፈሉኝ። አትታሰርም፣ አትመታም። ስትሮጥ አትጥሯት፣ አትሰማም፤ ተከተሏት ብቻ። ወፍጮው ሲነሳ ከዚያ አካባቢ አርቋት። ሌላ አመል የላትም።»

ልጄ ብቻ በአናጢው ድምፅ «ጭቃው የታለ፣ ጭቃው የታለ» ትላለች። አንድ ሁለት ሰው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ፤ ጩምቦዬን በልቶ ነው የወጣው፣ ማን ማን እንደሆነም አልረሳሁትም። ከቀሩት መጀመሪያ የተናገረችው የጉራጌው ባለሱቅ ሚስት ናት። ከዚያ በፊት ልጄ በሱቁ ስታልፍ ሳሙናና ሻማውን ታተራምስብኛለች ብላ መዝጊያውን ገርበብ የምታደርግ ሴት ነበረች።

«አታለልሽን» አለችኝ። «ደቦ ለቤት ነው፣ ለእርሻ ነው። ለልጅ ደቦ የት አገር ታይቷል?»

«ይኸው ነቀምቴ ታየ» አልኳት። «የሱቅሽን ጭቃ ሳቦካ የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ቁጭ በይ ብላችሁኝ እምቢ ያልኩት ጊዜ። ሆዴ ውስጥ የነበረችው ይቺው ናት። እሷም ደቦሽ ላይ ነበረች።»

አናጢው ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ማክሰኞ እኔ ጋ ትዋል» አለ። ጎረቤቴ አሮጊቷ ሰኞን ወሰዱ። በሚሲዮን መዘምራን ውስጥ የምትዘምር አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ ረቡዕን ያዘች። የባለሱቁ ሚስት ሁሉም ከተናገሩ በኋላ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ሐሙስ» አለች። «ዕቃዬን ብትሰብር ግን ከአንቺ ነው የምጣላው።» ዓርብን ማንም አልወሰደም።

ሁሉ ሰመረ ብዬ አልዋሽም። አሮጊቷ ሦስት ሳምንት ይዘው ጉልበቴ አልቻለም አሉኝ፤ ሰኞንም ሙሽራዋ ደረበችልኝ። ዓርብ ዓርብ ሥራ ቦታዬ እየወሰድኩ ከልብስ ማስጫው ሥር አስቀምጣታለሁ፤ አለቃዬ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በመጀመሪያው ማክሰኞ አናጢው ሱሪው እስከ ወገቡ ረጥቦ ልጄን ይዞልኝ መጣ። ምን ሆንክ ስለው «ሮጠች፣ ተከተልኳት፤ ገባች፣ ገባሁ» አለኝ። ምን ልበለው፣ ተከተሏት ብቻ ያልኩት እኔ አይደለሁ? ሰውዬው ግን ማክሰኞን አልተወም። እንዲያውም ከሥራው በፊት ራሱ ወንዝ ዳር ይወስዳት ጀመር፤ አንዴ ከጠገበች ቀኑን ሙሉ እንጨት ፍቅፋቂ ስትደረድር ትውልለታለች።

የባለሱቁ ሚስት ሁለት ሐሙስ ስታማርር ከረመች። በሦስተኛው ልጄ ክብሪቱን ሁሉ ባንኮኒው ላይ በረድፍ ደርድራ አገኘኋት፤ ሴትዮዋ ከጫፍ ከጫፉ እያነሳች ትሸጣለች። ከጫፍ ሲነሳ ልጄ አትጮህም፣ ከመሀል ሲነሳ ነው። ይኸን እኔ እናቷ አላስተዋልኩትም ነበር። «ከመሀል ስጪኝ የሚል ሰው ሌላ ሱቅ ይሂድ» አለችኝ፣ ፊቷን ቋጥራ።

የአጎቷ ቀጠሮ ደረሰ። ደቦውን ሰምቷል፤ ይህ ጨዋታ ነው እንጂ ጥበቃ አይደለም ብሏል አሉ። የመጣው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ በሐሙስ ነው። አናጢው መጥቶ «አጎቷ በበቅሎ መጥቷል፤ ሱቁ በር ላይ ነው» ሲለኝ የያዝኩትን ሸሚዝ ጥዬ፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ ሮጥኩ። ነጠላዬን እንኳ አላነሳሁም። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድቼ ጨርሻለሁ፤ ሰምቶት የማያውቀውን ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር።

በቅሎዋ ከሱቁ ምሰሶ ጋር ታስራለች። እሱ ከደረጃው በታች ቆሟል። የባለሱቁ ሚስት በሩን ሞልታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ልጄ ክብሪቷን ትደረድራለች፣ ቀና ብላም አላየችን።

«ይኸው መጣሽ» አለኝ። «ይቺ ሴት የወንድሜን ልጅ ከለከለችኝ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጌታዬ» አለችው፣ እኔን ዞር ብላም ሳታይ። «ሐሙስ ይቺ ልጅ በእጄ ናት። መውሰድ ከፈለጉ የሌላ ሰው ቀን ይምረጡ። ማክሰኞ የአናጢው ነው፤ እሱም መዶሻ አለው።»

«ሱቅና ልጅን ምን አገናኘው? ነገ ይሰለቻችኋል። ስታድግስ? ትልቅ ሴት ስትሆን ማን ነው ተከትሏት የሚሮጠው?»

ይህን ጥያቄ እኔም ልብስ ሳጥብ ራሴን እጠይቃለሁ። መልስ አልነበረኝም። እሷም ያላት አልመሰለኝም ነበር።

«ስታድግ ሐሙስ ይቀራል እንዴ?» አለችው።

ሰውዬው እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። «እናቷ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ይቺ ባዕድ ናት። አንድ ቃል ብቻ ተናገሪ፤ ልቀቂያት በያት።»

እኔ በልጄ ነገር ሰው እንዲናገር ፈቅጄ አላውቅም። የኔ ናት፣ እኔ አውቃለሁ እያልኩ ነው ከጎረቤት ጋር ስጣላ የኖርኩት። አፌን ከፈትኩ፤ ያሰናዳሁት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ያን ጊዜ የሴትዮዋን እጆች አየሁ። የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ጨምድደው ይዘዋል። ፈርታለች፤ ባሏ ሱቁ ውስጥ የለም፣ ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ ሰውም ተሰብስቧል። ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«እኔን አይጠይቁኝ፣ አያ» አልኩት። «ሐሙስ የምታዘው እሷ ናት።»

የዘፈዘፍኩት ልብስ ነበረብኝና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ልጄን ከወለድኳት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እጅ ትቻት ዞር ብዬ ሳላይ ሄድኩ። አጎቷ በቅሎዋን ባዶዋን እየሳበ አርጆ መግባቱን የሰማሁት በሳምንቱ ነው።