አክስቴን የገደልንበት ሽርሽር

በደርግ ጊዜ የነበረው ቀበሌያችን፣ ሰው ከአዲስ አበባ የሚወጣው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ለዘመቻ ወይም ለለቅሶ። ሽርሽር የሚባል ነገር በማመልከቻ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቶ ሊሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቴ ደግሞ ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቤተሰቡን ሰብስቦ ናዝሬት መዝናናት አማረው። ስለዚህ እህቱን ገደላት።

ናዝሬት የምትኖረው አክስቴ ጤንነቷ ከሁላችንም የተሻለ ነበር። አባቴ ግን በማመልከቻው ላይ «በድንገት አርፋብኛለች» ብሎ ጻፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከልቡ አዝኖ ለአራታችን የሦስት ቀን የይለፍ ወረቀት ሰጠን። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጨመረ ነገር ነበረበት፦ ወጣቱ ከለቅሶው ሌላ ጉዳይ ላይ ከተገኘ ከግዳጅ እንደሸሸ ይቆጠራል፣ አባቱም ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ «ይጠየቃል» የተባለ ሰው መቼ ቤቱ እንደሚገባ አይታወቅም።

እናቴ በባለ አበባ ቀሚሷ ላይ ጥቁር ቀሚስ ደርባ አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ ሞጆ እስክንደርስ ስታጽናናት ቆየች። ወንድሜ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ ቢያዞር ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሴትዮዋ የሚያለቅስ መስሏት አንጀቷን በላውና ብርቱካን ልጣ ሰጠችው።

አክስቴ ደጇ ላይ ቆማ የአባቴን ኑዛዜ አዳመጠች። ከዚያ የይለፍ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ ማኅተሙ አነበበችው።

«ለእኔ ለቅሶ ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈቀዱት?» አለች።

ከዚያ በኋላ ሟችነቷን በደንብ ተጠቀመችበት። ሬሳ ሥራ አይሠራም ብላ አባቴን ሽንኩርት አስከተፈችው። በሁለተኛው ቀን ሶደሬ ስንወርድ ደግሞ ከሁላችንም ቀድማ ተዘጋጅታ የጠበቀችን እሷ ነበረች። እዚያ አንዲት ጦጣ የእናቴን ዳቦ መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች። ወንድሜ ሱሪው እየተንጠባጠበ ከገንዳው ወጥቶ ከዛፉ ስር ቆመና፣ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ አስከባሪ ድምፅ፣ «ጓዲት፣ ተራሽን ጠብቂ» አላት። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአማርኛ አስተማሪያችን የጉዞ ማስታወሻ እንድንጽፍ አዘው፣ በማስታወሻ ላይ ሐቅ እንጂ ሌላ ነገር አይጻፍም ብለውን ነበርና ሐቁን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በጥቁሩ ቀሚስ ስር ያለውን ባለ አበባ ቀሚስ አልተውኩም፤ ሟቿ የበላችውን ዓሣም ቆጥሬያለሁ። ወንድሜ ለጦጣዋ የተናገረውን ቃል በቃል አስገባሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ አገር የሚያስጨርሰው እንዲህ ያለ ጎበዝ ተማሪ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ሁሉንም አነበብኩላቸው። እየሳቁ ነበር። መሐል ላይ የአባቴ ሳቅ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ኬላ ላይ ሻንጣ ሁሉ እንደሚበረበርና የተጻፈ ነገር ሁሉ እንደሚነበብ ትዝ አለው። ገጾቹን አንድ በአንድ ቀደዳቸውና አክስቴ ከሰሉ ላይ አደረገቻቸው። እናቴ እጇን አጣጥፋ ሲቃጠሉ አየች። እኔ አለቀስኩ፤ በዚያ ለቅሶ ላይ የፈሰሰው የመጀመሪያው እውነተኛ እንባ የእኔ ነበር።

ደብተሩን ግን አልጣለውም። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበረ ማስረጃ ከማጥፋት ይልቅ ማስረጃ ማዘጋጀት ይቀናዋል። አጠገቤ ተቀምጦ «ጻፊ» አለኝ፦ ቀን አንድ፣ ደርሰን አለቀስን። ቀን ሁለት፣ ቀኑን ሙሉ አለቀስን። አክስቴ ደግነቷ አልተጠቀሰም ብላ ቅር ስላላት እሱም ተጨመረ። ወንድሜ ጫማውን እያሰረ፣ «እኔን ከሁሉም በላይ አለቀሰ በይኝ» አለ።

ስንመለስ ዱከም ሳንደርስ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ወታደር የእኔን ቦርሳ ከፍቶ ደብተሩን አወጣና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጓል። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። ወታደሩ ሦስቱንም ቀን ጨርሶ ደብተሩን መለሰልኝ። ነፍስ ይማር አለን፤ ለወንድሜ ደግሞ አይዞህ ብሎ የይለፍ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠው። አባቴ በሠራው ሥራ ኮርቶ እስከ አዲስ አበባ አወራ።

ወንድሜ በቀጠሮው ቀን ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ያው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጥቶ መሞቱን ነገረን። በዚህ ጊዜ ለማልቀስ ማመልከቻ አላስፈለገንም።

ለቀስተኛው ከወጣ በኋላ እናቴ ደብተሩን ከሣጥን አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ማንበብ አትችልም። የሶደሬውን ቀን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ገለጥኩት፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ቀኑን ሙሉ አለቀስን፤ ወንድሜ ከሁሉም በላይ አለቀሰ» ይላል። እኔም ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ስለ ውሃው፣ ስለ ጦጣዋ፣ ስለ ሳቁ አነበብኩላት። ያልኩትን ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች።

«እናንተ ገንዳው ውስጥ ሳላችሁ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ እማዬ ሳልመለስ እንዳታረጂ ያለኝስ?» አለች። «እሱንም ጽፈሽዋል?»

እኔ ያን አልሰማሁም ነበር።

«ጽፌዋለሁ» አልኳትና ገጹን ገልጬ አነበብኩላት።