የመዝገብ ቤቱ ገበሬና ሁለገቡ ትራክተር

ዘጠና ሄክታር የሚያርስ፣ መዳፉ ግን እንደ ሕፃን መዳፍ የለሰለሰ ገበሬ አለ ቢባል የሚያምን አይኖርም። እሱ ግን ነበር። የሚያርሰውም ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ «መዝገብ ቤት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው።

እዚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሥራው ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ፣ የጠፋ ሲጠየቅ ደግሞ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ወጪ ሆኗል» ማለት ነው። በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ገበሬው» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጸሐፊ ናት። አንድ ቀን ፋይል ፍለጋ ብትወርድ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ፣ ላብ በግንባሩ ችፍ ብሎ አገኘችው።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ቆይ፣ ዝናቡ ሳይመጣብኝ ይቺን ማሳ ልጨርሳት» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ጸሐፊዋ ወሬውን ይዛ ወጣች፤ ለምሳ ሲወጣ ቅጽል ስሙ ሕንፃውን አዳርሶ ጠበቀው። እሱ አልተቀየመም። እንዲያውም ሹመት ያገኘ ያህል ደስ አለው።

ጉዱ ያለው አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ነው። በጨዋታው መሬት ይገዛል፣ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታጨዳል፤ በምርቱ ሌላ ትራክተር ይገዛና እንደገና ይታረሳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሲያርስ ከረመ። ጭቃ ግን አይወድም። መንገድ ላይ ጭቃ ካጋጠመው የሱሪውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ እየመረጠ ነው የሚራመደው። ቤታቸው በረንዳ ላይ ሚስቱ አበባ የተከለችባቸው ሦስት ማሰሮዎች ነበሩ። እናቷን ልትጠይቅ ለሁለት ሳምንት ስትሄድ አደራ ብላው ሄደች፤ ስትመለስ ሦስቱም ድርቅ ብለው ጠበቋት።

«ዘጠና ሄክታር የምታለማ ሰውዬ፣ ሦስት ማሰሮ ማጠጣት አቃተህ?»

«እዚያ እኮ ማጠጣት የሚባል ነገር የለም፤ ዝናቡ ራሱ ነው የሚመጣው» አላት። የምሩን ነበር። ሚስቱ ማሰሮዎቹን ደፍታ የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ አደረገቻቸው።

ሰውን የሚያስቀው ግን ማረሱ ሳይሆን ትራክተር አመራረጡ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ያወጣው፣ ለገቢና ወጪ ደብዳቤ የታሰበ ጥቁር መዝገብ አለው። በየገጹ ትራክተር መዝግቦበታል፤ ጉልበቱን፣ ፍጥነቱን፣ የሚሸከመውን ክብደት፣ ጠባብ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚዞር ጭምር። ፋይሎቹን እንዲህ በሥርዓት ይዟቸው ቢሆን ኖሮ የስንቱ ባለጉዳይ ጉዳይ ባለቀ ነበር።

«ያልገባው ገበሬ ለማረሻው አንድ፣ ለመዝሪያው አንድ፣ ለተሳቢው ሌላ ትራክተር ይገዛል» ይላል ምሳ ላይ፣ ማንኪያውን እያወዛወዘ። «የገባው ግን አንድ ሁለገብ ይገዛል። ያርስበታል፣ ይዘራበታል፣ ይጎትትበታል፣ ከፊት ደግሞ ያነሳበታል። አለቀ።»

«ሚስት ስትመርጥ እንዲህ ተጨንቀህ ነበር?» አለው አንድ ቀን የሒሳብ ሹሙ።

«ያኔ መረጃ አልነበረኝም» አለ፤ ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ፤ እሱ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባውም።

ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ማንም ባልተጎዳ። ችግሩ ታላቅ እህት ነበረችው፤ እሷ ደግሞ እውነተኛ ገበሬ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ መሬቱ ላይ የቀረችው እሷ ናት፤ እሱንም በዚያው መሬት ምርት አስተምራ ለወንበር ያበቃችው እሷ ናት። አሁን የሠላሳ አንድ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆናለች። ማኅበሩ ለዓመታት ሲያርስ የኖረው ከነሹፌሩ በኪራይ በሚመጣ አሮጌ፣ ትንሽ ትራክተር ነበር። ማረሻውን፣ የጓል መከስከሻውንና መዝሪያውን ግን ያገለገሉ እየፈለገ፣ አንድ በአንድ ገዝቶ መጋዘን ውስጥ አስቀምጧል። ዘንድሮ ተራው የትራክተሩ ሆነ። የኪራዩን ትራክተር አመስግነው አሰናበቱት፤ እሱም ሌላ ቦታ ውል ገባ። ዝናቡ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል። ሻጩ ዘንድ ሁለት ትራክተሮች አሉ፤ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ትልቅ።

እህቱ የደወለችለት ምክር ፈልጋ አልነበረም። «የትራክተሮቹ ወረቀት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ መጥተህ አንብብልን» ነው ያለችው። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነው። ላፕቶፑን፣ ጥቁሩን መዝገብና ለዚሁ ብሎ የገዛውን ሰፊ ባርኔጣ ይዞ ከተፍ አለ።

ስብሰባው በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። ላፕቶፑን የዘር ጆንያ ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም ትራክተሮች ከጨዋታው አውጥቶ አሳያቸው። መካከለኛዋን ለአፍታ ነድቶ፣ «ይቺ የጓሮ ናት» ብሎ ተዋት። ትልቁን ግን አዘለለው ማለት ይቻላል። ዳገት አወጣው፣ ቁልቁለት አወረደው። አንዴ ነካ ሲያደርግ ማረሻው ከኋላ ቀጭ ብሎ ተያያዘ፤ ደግሞ ነካ ሲያደርግ ማረሻው ቀርቶ መዝሪያው ተያያዘ። ሠላሳ አንዱም አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ማረሻውን ማነው የሚያያይዘው?»

«ማንም አባባ። አንድ ቁልፍ ነው የሚጫኑት።»

«አንድ ቁልፍ» አሉ ሽማግሌው። «ተባረክ።»

አባላቱ ተነጋገሩ። ግማሹ ትልቁን አለ፣ ግማሹ ወደ ሊቀመንበሯ ዞረ። እህቱ ልቧ መካከለኛዋ ላይ ነበር፤ የኪራይዋን ትራክተር ስለምትመስል ታውቃታለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግን ወንድሟን ማሳጣት አልሆነላትም። ለእሱ የከፈለችውን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ተምሮ አልረባም እንዲባል አልፈለገችም።

«ወንድሜ ካለ እኔም እላለሁ» አለች። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

በማግሥቱ ሻጩ ግቢ ሄዱ። እሱ ሮጦ ትልቁ ትራክተር ላይ ወጣ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ወደ ፊት አደረገ፣ መስተዋቱን አስተካከለ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ። ሻጩ ከታች ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ ያሏችሁ መሣሪያዎች ምን ዓይነት ናቸው?» ሲለው፣ «ምንም ይሁኑ፣ ይሄ ሁለገብ ነው» አለው። ሻጩም ከዚያ በላይ ምን ቸገረው።

እህቱ ግን በኋላ በኩል ዞራ ቆማ ነበር። ከትራክተሩ ጀርባ የወጡትን ሁለት የብረት ክንዶች አየች፤ ማረሻ የሚንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው። በስንዝሯ ለካቻቸው፤ ከዚያ ጫፋቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ጣቷን ከተተች፤ ጣቷ ብቻውን ዋኘ።

«አንተ፣ ና እስቲ ውረድ። ይሄ የኛን ማረሻ ይይዛል?»

«እትዬ» አላት ከላይ ሆኖ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ትራክተር ሁሉ ከኋላው አንድ ነው።»

በጨዋታው ውስጥ እውነቱን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የትኛውም ማረሻ የትኛውንም ትራክተር እምቢ ብሎት አያውቅም። እሱም አንድ ቀን ከትራክተር ወርዶ ከኋላ ምን እንዳለ አይቶ አያውቅም። ያን ቀንም አልወረደም።

ክፍያውና ወረቀቱ ሳምንታት ፈጅቶ፣ ትራክተሩ የገባ ዕለት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው። እሱ ሻጩ ከላከው ሹፌር ጎን ተቀምጦ ባርኔጣውን እያነሳ ሰላምታ ሰጠ። ማረሻው ከመጋዘን ወጣ፤ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተጠጋ። ክንዶቹ በማረሻው ግራና ቀኝ ባዶ አየር አቅፈው ቆሙ። በዚያም በኩል በዚህም በኩል አንዳንድ ስንዝር ይቀራል። ማረሻውን ከክንዶቹ የሚያያይዘው ፒን ደግሞ የአውራ ጣት ውፍረት ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የአባቱን ጫማ ያጠለቀ የሕፃን እግር መሰለ። መከስከሻውን ሞከሩ፣ ያው። መዝሪያውንም ሞከሩ፣ ያው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። የሌባ ጣቱ ሳያውቀው ተንቀሳቀሰ። የሚጫነው ነገር ግን አልነበረም።

ሻጩ ጋ ሲደወል፣ «ጠይቄ ነበር እኮ» አለ። ለዚያ ትራክተር የሚሆኑ መሣሪያዎች ከሁለት ወር በፊት እንደማይገቡ፣ የተሸጠ ትራክተር ደግሞ እንደማይመለስ በትሕትና አስረዳቸው። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጀመረ። መሬቱ ረጥቧል፣ ዘሩ ጆንያ ውስጥ ነው፣ ሁለገቡ ትራክተር መጋዘኑ ደጅ ላይ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

አባላቱ ተሰበሰቡ። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄን ሰውዬ ማን አመጣብን?» አለ።

እህቱ ተነሳች። «እኔ ነኝ ያመጣሁት። ጥርጣሬ ነበረኝ፣ ዋጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። የዘንድሮው ዘር መሬት ሳይገባ ከቀረ ወንበሩን እለቃለሁ።» ይህን ስትል ወደ ወንድሟ አልዞረችም።

እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሲጠፋ ጥፋቱን ሌላ ላይ ሲያላክክ የኖረ ሰው፣ ጥፋቱን ሌላ ሰው ሲሸከምለት ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየው። አፈረ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ኋላው ደበቀው፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

መላውን ያገኘው ከከተማ የመጣ በያጅ ነው። በያጁ ረጃጅም ፒኖች ቆረጠ፣ ወፍራም የብረት ቀለበት አለበሳቸው፣ ክንዶቹን ወደ ውስጥ የሚስብ ሰንሰለት ሠራ። አራት ቀን ፈጀ። ማረሻው ተያያዘ። ግን በያጁ እጁን እየጠረገ፣ «ይሄ ነገር ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል» አላቸው። «መሣሪያ በተቀየረ ቁጥር አንድ ሰው ሥሩ ገብቶ ሰንሰለቱን ይሳብ፣ ፒኑን በመዶሻ ይምታ። ማሳ ላይም ፒኑ ሊሾልክ ይችላል፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ይኑር።»

ማን ይሁን? አባላቱ በሙሉ ትራክተሩ ያልደረሰበትን ማሳ በእጃቸው ለመዝራት ተበትነዋል። እህቱ የትራክተሩን መሪ ይዛለች፤ ያንን ከኪራዩ ሹፌር ተምራለች።

«የዓመት ፈቃድ አለህ?» አለችው።

«አሥራ ስምንት ቀን።»

«ይበቃል።»

አሥራ ስምንት ቀን ከትራክተሩ ኋላ ተከተለ። በመጀመሪያው ቀን ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ እህቱ የሟቹን አማቷን ቦቲ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን መዳፉ ተላጠ፤ በሰባተኛው ደግሞ አውራ ጣቱን በመዶሻ መታው፤ በሬ ሲያገሳ የሰሙ የመሰላቸው ጎረቤቶችም ነበሩ። አንድ ቀን ማረሻው ሥር ተንጋሎ ሰንሰለቱን እየሳበ፣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«መጀመሪያ ፒኑን አስገባ» አለችው ከላይ።

አስገባው። እሷም ወርዳ ፊቱ ላይ ያለውን ጭቃ በነጠላዋ ጠረገችለትና ተመልሳ ወጣች።

በመጨረሻው ቀን የቀረው የሽማግሌው ማሳ ነበር። ሦስት ማሳዎች ዘግይተዋል፤ ምርታቸው መቀነሱ አይቀርም። ሌላው ግን ተዘርቷል፤ እህቱም ወንበሯን አለቀቀችም። መከስከሱ አልቆ ወደ መዝራቱ ሊያልፉ ነው። እሱ ከማሳው ዳር ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው አጠገቡ ናቸው። እህቱ ትራክተሩን መዝሪያው ፊት አምጥታ አቆመች፣ እጇን ዘረጋች፣ የጡሩምባውን ቁልፍ አንዴ ጫን አደረገችው።

ገበሬው ከተቀመጠበት እመር ብሎ መዶሻውን አነሳና በጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ሮጠ። ከትራክተሩ ሥር ገባ፤ ሰንሰለቱ ተንቋቋ፣ መዶሻው ሦስቴ ጮኸ፣ መዝሪያው ተያያዘ።

ሽማግሌው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እውነትህን ነበር ለካ» አሉት ሲመለስ። «አንድ ቁልፍ ነው የሚጫኑት።»