ያለ ቦታው የተከልኩት አበባ

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እሱንም ቢሆን መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ አንገቴን ደፍቼ የጨረስኩት ነው። አሁን የምጽፈውን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ስናገርም እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል፤ ጾም ገድፌያለሁ፣ ሰው አምቻለሁ እልና መስቀል ተሳልሜ እነሳለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መስቀል ባትይዙም ስሙኝ።

ያጠፋሁት በአበባ ነው። በአበባ ምን ጥፋት ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር።

አሰብ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። ከወሎ ያመጣችኝ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ እትዬ ዘነበች ናት። ባሏ ጋሼ ታደሰ ወደብ ላይ ለጸሐፊነት ተመድቦ ሲመጣ፣ በቤት ሥራ እንዳግዛትና እግረ መንገዴንም እንድማር ብላ ይዛኝ መጣች። እትዬ ዘነበች ብዙ ዘመን ልጅ ሳታገኝ ቆይታ አሰብ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ብርቄ አለቻት። ብርቄ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሳ፣ በዚያ ምድር እንደ ምጣድ በሚግልበት ወራት ትኩሳት ያዛት። ጠዋት ያዛት፤ ቄሱ ተጠርተው ሳይደርሱ ሞተች።

ያልተጠመቀ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ፍትሐት አይደረስለትም፤ መስቀልም አይቆምለትም። ስለዚህ በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ባሕሩ በኩል ባለው አሸዋ ውስጥ ቀበሯት። እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም እዚያው አሉ። የአሰብ አሸዋ ግን ጉብታ አይጠብቅም። ማታ ያያችሁት ጉብታ ነፋስ ከነፈሰበት በኋላ ሌላ ቦታ ነው። እትዬ ዘነበች ድንጋይ እንኳ ልታስቀምጥ ፈለገች፤ ጋሼ ታደሰ “ያልተፈቀደ ነገር አናድርግ” ብሎ ከለከላት። አበባ ግን የከለከላት የለም።

አበባው ምንጣፍ አበባ የምንለው ነው። ወደ ላይ አያድግም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። ቅጠሉ እንደ ሕፃን ጣት ድቡልቡል ነው፤ ሲጨምቁት ውሃ ነው። አበባው ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ይከደናል። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ጣልያን ዕቃዋን ሸጣ ወደ አገሯ ስትሄድ ደጇ ላይ ትታው የሄደችው ነው። እትዬ ዘነበች ጥቂት ቅርንጫፍ ወስዳ በዘይት ጣሳ ተከለችውና በደጃችን አረባችው። ከዚያ ቆርጣ ወደ ብርቄ ወሰደችው።

አተካከሉን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ወዲያው አይተከልም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ያድራል። አሸዋው ሲበርድ በጣት ቀዳዳ ተበጅቶ ይገባል። ውሃ ወዲያው ካጠጡት ይበሰብሳል። የደረቀውን አበባ እየለቀሙ ካልጣሉለት አዲሱ አይወጣም። አንዴ ከያዘ ግን ሙቀቱም ነፋሱም አይበግረውም፤ ሥሩ አሸዋውን ጨምድዶ ይይዘዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ብርቄ ያለችበት ቦታ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ምንጣፍ ሆነ። እትዬ ዘነበች ልጇ የት እንዳለች ታውቅ ነበር። ይህን ነው እኔ የወሰድኩባት።

ክረምት ሲገባ የእትዬ ዘነበች እናት ደሴ ላይ መታመማቸው ተሰማ። ካሚዮን ላይ ከመውጣቷ በፊት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ “ብርቄን አደራ” አለችኝ። አበባውን አላለችም። “በየሦስት ቀኑ ትንሽ ውሃ፣ ከቦኖው። ከበርሜሉ እንዳትነኪ፣ ጋሼ ይቆጣል።” የበርሜሉ ውሃ በአህያ የሚመጣ የመጠጥ ውሃ ነው። ቦኖው ደግሞ የሕዝብ ቧንቧ ነው፤ የወደብ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ የሚታጠቡበት፣ ወረፋ የማያልቅበት ቦታ ነው።

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። ይህን ለማመካኛ አላነሳውም፤ የሆነው ግን ከዚህ ይጀምራል። ቦኖው ጋ ስደርስ ገና ከሩቅ ይጀምሩኝ ነበር።

“ደገኛዋ መጣች! ጣኒካው ነው የሚሸከምሽ አንቺ ነሽ የምትሸከሚው?”

“ተዋት እባክህ፣ አፏን ደሴ ረስታው ነው የመጣችው።”

“እኅቴ፣ በሚቀጥለው ካሚዮን እናስመጣልሽ?”

ይስቃሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱማ ተራውን ለቆልኝ ጣኒካዬን ሞልቶ ጭንቅላቴ ላይ አውጥቶልኛል። እኔ ግን ፊቴ ይነድ ነበር፤ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። እንግዲህ ሳቅ ምን ያደርጋል? ቆዳ ይልጣል? አይልጥም። እኔ ግን ከአንዲት ሕፃን መቃብርና ከሰው ሳቅ፣ የፈራሁት ሳቁን ነው።

አንድ ቀን ባዶ ጣኒካ ይዤ አበባው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ አንዱን ቅጠል ቆርጬ ቀመስኩት። ጨው ጨው አለኝ። ባሕሩ እዚያው ነው፤ እየሄድኩ እግሬን የማጥብበት ነው። ጨው የሚል ቅጠል ጨው ይጠጣል ማለት ነው አልኩ። በልጅ ልቤ ትልቅ ነገር ያወቅሁ መሰለኝ። ከባሕር ቀድቼ አጠጣሁት።

በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ያ አበባ ጠንካራ ነው፤ ቻለኝ። ወዲያው ቢጠወልግ ኖሮ ደንግጬ እተው ነበር። ቀስ በቀስ ግን በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ ከዚያ ቅጠሉ እየተሸበሸበ ቢጫ ሆነ። አውቄ ነበር? አዎ፣ አውቄ ነበር። የተሸበሸበውን እያየሁ እንደገና ከባሕር ቀዳሁ። ነገ ወደ ቦኖው እሄዳለሁ እል ነበር። ነገ ስትመጣ ሳቁም አብሮ ይመጣል። በመጨረሻ አበባው ደርቆ እንደ ገመድ ቁራጭ ሆነ። ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በርና መስኮት ዘግተን ቆየን። ከነፋሱ በኋላ ስሄድ ገመዱም አልነበረም። አሸዋው ከአጥሩ እስከ ባሕሩ አንድ ሆኖ ተኝቷል።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ታደሰ “እትዬሽ ክረምቱ ሲያልፍ ልትመጣ ነው” አለኝ።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ እኮ ቦታው ቢያንስ በግምት ይገኝ ነበር። የቀበሩት ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ታደሰ ራሱ ነበር። እኔ ግን ደጃችን ካለው ጣሳ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፣ ጥላ ውስጥ አሳደርኩ፣ ይዤ ሄድኩ። የት ልትከለው? ከአጥሩ ወዲህ ወዲያ ተመላለስኩ። ልቤ ወደ አጥሩ ጠጋ ያለውን ቦታ ይለኝ ነበር። እዚያ ግን አሸዋው ልል ነው፤ አበባው ቶሎ አይይዝም። ስለዚህ ጠንከር ባለው፣ ዝቅ ባለው ቦታ ተከልኩት። ይህን አስተውሉልኝ። የመረጥኩት ለሕፃኗ የሚሆነውን አልነበረም፤ ለእኔ ቶሎ የሚያብበውን ነው። ያኔ ደግሞ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ሳቁብኝ፣ ቀዳሁ፣ ተመለስኩ። ይቻል ነበር ለካ።

እትዬ ዘነበች ስትመጣ የእናቷን የሐዘን ጥቁር ለብሳ ነበር። ቤት ሳትገባ ወደዚያው ሄድን። አበባው ጥቂት ነው፤ ግን አብቧል። ተንበርክካ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አጥሩን አየች።

“ወደ አጥሩ አትጠጋም ነበር?” አለች።

“ነፋሱ አሸዋውን ገፍቶት ነው፣ እትዬ” አልኩ።

ውሸቴ ይህችው ናት። እሷም እኔን አየች፤ ከዚያ “አዎ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው” አለችና አበባውን ሳመችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከወራት በኋላ ለወደቡ መንገድ መሙያ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አሸዋ መጫን ጀመሩ። እትዬ ዘነበች ሰምታ ነጠላዋን እያጣፋች ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። የሠራተኞቹ ካቦ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን ስትነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“እኔም የቀበርኩ ሰው ነኝ፣ እመቤቴ። ቦታውን ብቻ አሳዩን፤ አካፋ አይነካትም።”

እሷ ማልቀስ ስለጀመረች ወደ እኔ ዞረች። “አንቺ አሳያቸው” አለችኝ።

ሠራተኞቹ አካፋቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አላውቅም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሁሉንም ይተዉት ነበር። እኔ እጄን አንስቼ አበባውን አሳየሁ።

ሰዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ። አበባውን ትተው ዙሪያውን ቆፈሩ። እትዬ ዘነበች ጀርባዋን ሰጥታ አበባው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እኔ ግን ወደ አጥሩ አይ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ከአሸዋው ውስጥ ነጭ የጨርቅ ቁራጭ አወጣ፤ አራገፈና ወደ ነፋሱ ጣለው፤ ሥራውን ቀጠለ። አሰብ ላይ ጨርቅ የማይበርበት ቦታ የለም። እስከ ዛሬ የኖርኩት እንዲህ እያልኩ ነው። ያ አሸዋ አሁን መንገድ ነው። ካሚዮኖች ያልፉበታል፤ እኔም ገበያ ስሄድ እሻገረዋለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ነውሬን በልጅነት አልሸፍነውም፤ ልጅ ሳለሁ ያልተናገርኩትን አድጌም አልተናገርኩም። ጋሼ ታደሰ ወደ ደጋ ሲዛወር እትዬ ዘነበችም አብራው ሄደች፤ እኔ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። አበባው ዛሬም አለ፤ ማንም በሌለበት አሸዋ ላይ ተንጣሎ ያብባል፤ እኔም የሚጠጣ ውሃ እየወሰድኩ አጠጣዋለሁ። በቅርቡ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ክርስትናዋ እየደረሰ ነው፤ ባሌ ማን እንበላት ሲለኝ ወሬ እለውጣለሁ፤ ስም ያላሰብኩ ይመስለዋል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የምትለኝ እናንተ አይደላችሁም። እትዬ ዘነበች ያለችበትን ከተማ አውቀዋለሁ። መሄድ ግን አልቻልኩም፤ ወደ ደጋ የሄዱ ዕለት ካሚዮኑ ላይ ልትወጣ ስትል አቅፋኝ የተናገረችኝ ቃል መንገዱን ዘግቶብኛል።

“እኔ ጥያት እሄዳለሁ፤ እናቷ አንቺ ነሽ። ሴት ልጅ ስትወልጂ ብርቄ በያት፤ አንቺ ባትኖሪ ልጄ አሸዋ ሆና ትቀርብኝ ነበር።”