እናቴ ፊልም ስታይ

ሰሞኑን ከጎረቤት፣ በግድግዳው በኩል፣ የአንዲት ሴት ልቅሶ ይሰማኛል። የእውነት ልቅሶ አይደለም፤ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ተከታታይ ድራማ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ትንፋሿን ትስባለች፣ ቀጥላ «ለምን?» ትላለች፣ ከዚያ ሙዚቃው ይገባል። ይሄኔ የያዝኩትን ሥራ ትቼ እቆማለሁ። እናቴ ከሞተች ሦስተኛ ክረምቷ ነው፤ እኔ ግን አሁንም «ደግሞ ምን ሆንሽ አንቺ?» እንድትላት እጠብቃለሁ።

እናቴ ቦንጋ ላይ በምላሷ የታወቀች ሴት ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ኮረሪማና ጥምዝ ትሸጣለች፤ እሁድ ከሰዓት ቴሌቪዥን ታያለች። እሁድ እሁድ ቤታችን የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች በየቤታቸው ቴሌቪዥን ነበራቸው። የሚመጡት እሷን ለመስማት ነው። ዝናቡን ፈርተን መስኮቱን ስለምንዘጋ ቤቱ ይጨልማል፤ የሰዉ ፊት በስክሪኑ ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል። ከጓዳ የኮረሪማው ጆንያ ይሸታል፣ ከበሩ በኩል እርጥብ ጋቢ። ዶፍ ሲወርድ የቆርቆሮው ጩኸት የተዋንያኑን ድምፅ ይውጠዋል። የእናቴን ግን አይውጠውም ነበር።

የህንድ ፊልም ላይ ጀግናው ደረቱን በጥይት ተመትቶ ሲዘፍን፣ «የሚሞት ሰው ውሃ አጠጡኝ ይላል እንጂ ግጥም ይገጥማል?» ትላለች። ከአዲስ አበባ የሚመጡትን የፍቅር ፊልሞች ፈጽሞ አትምርም። «ከእንቅልፏ ስትነሳ ከንፈሯ ቀይ፣ ጸጉሯ አሁን የተሠራ። ይቺ ልጅ ቆማ ነው እንዴ የምታድረው?» በካራቴ ፊልም ላይ ቻይናዎቹ አንድን ሰው ለመደብደብ ተራ እየጠበቁ ሲመጡ፣ «ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት በኖረን» ብላ ታዝናለች። የድራማዋን አልቃሻ ደግሞ «እንባዋን ወደ ቧንቧችን ቢያዞሩልን ውሃ በፈረቃ አንጠጣም ነበር» ትላት ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ምላሷ ግን ከስክሪኑ ወርዶ ሰው ላይ ያርፍ ነበር። የወረዳ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች ጎረቤት ነበረችን፤ እጮኛዋ ሺሺንዳ ተመድቦ ሄዶ እዚያው ሌላ አግብቶባታል። አንድ እሁድ ፊልሙ ላይ ሙሽራዋ ቬሏን ለብሳ የማይመጣ ሙሽራ ትጠብቃለች። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» አለ አንዱ። እናቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «እሷን ጠይቋት፤ ይሄን ክፍል አይታዋለች» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጸሐፊዋም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብላ ጓዳ ገባችና ፊልሙ እስኪያልቅ አልወጣችም። በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጣች። ለምን እንደምትመጣ ያኔ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ተራው ለሌላ ሰው ሲደርስ ለማየት ይመስለኛል።

ተራው የደረሰው በክረምት ነው፤ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሁላችንም የምንከታተለው ድራማ ላይ ሚስቱንና ልጁን ጥሎ የሄደው ነጋዴ የሚመለሰው ያን ቀን ነበር። የመግቢያው ሙዚቃ እንደጀመረ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በሩን ስከፍት አንድ ሰው ዝናቡ ላይ ቆሟል። ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶ ተንጠልጥሏል፤ በእጁ ማር የያዘች ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ አለች። ወደ ውስጥ ሳይገባ ሁለት ጊዜ አሳለው።

እናቴ አየችው። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ግባ። ጭቃህን አራግፍ። ሊጀምር ነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «ለእንግዳው ውሃ ስጪው።»

ሰጠሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለና ሳይጠጣ ፊቴን ያይ ጀመር። ጡረተኛው ወታደር ጎረቤታችን ከወንበሩ ብድግ አለ። «መምህር! አንተ ነህ እንዴ?»

ያኔ ገባኝ። አባቴ መምህር እንደነበረ፣ እኔ ጡት ሳልጥል ወደ ዋጫ ተዛውሮ እዚያው ሌላ ቤት እንደ መሠረተ አውቅ ነበር። ፎቶውን እንኳ አይቼ አላውቅም፤ እናቴ አንድም አላስቀረችም።

በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ድራማው ላይ ነጋዴው ግቢው መሐል ተንበረከከ።

«አንገቱን እዩልኝ» አለች እናቴ። «ሲሄድ ይሄን የተሰበረ አንገት የት አስቀምጦት ነበር?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ሲታመሙ ነው መንገዱ የሚታወሳቸው። ጤናውን ለዚያች፣ ሳሉን ለእኛ።»

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። ወታደሩ መሬት መሬት ያያል። ጸሐፊዋ ብቻ ነበረች አባቴን ትክ ብላ የምታየው። ድራማው ተቋርጦ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ፤ ልጆች ነጭ ልብስ ለብሰው ይዘፍናሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንኳ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅሽ...»

«ማስታወቂያ ነው፤ ይለፍ» አለችው።

ማስታወቂያው አለፈ። ድራማው ላይ ሚስትየው ወደ ግቢው ሮጣ ወጥታ ባሏን አቀፈችው። ሙዚቃው ከፍ አለ። ጸሐፊዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን አበሰች። እናቴ ሁሉም እስኪረጋጋ ጠበቀችና፣ «ይሄን የጻፈው ወንድ ነው» አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በርጩማው ዞረች። «አንተስ? ሙሉ ክፍል አይተህ ዝም ይባላል? አስተያየትህን ስጠን እንጂ።»

አባቴ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ወገቡን አቀና። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

«ሴትዮዋ ቸኮለች» አለ። «ሰውየው እንዲህ በቶሎ መታቀፍ አልነበረበትም፤ ደጅ ላይ ትንሽ ቢያቆዩት ጥሩ ነበር። ልጁን ግን ቢያሳዩን... ይህን ሁሉ ጊዜ ልጁ አልታየም።»

እናቴ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ቀነሰች።

«ልጁ በዚህ ፊልም ውስጥ የለበትም» አለች። «አልቋል። በጊዜ መናኸሪያ ድረስ፤ መኪና እንዳያመልጥህ።»

ተነሳ። ለሁሉም በየተራ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሰናበተ። ወታደሩ ጃንጥላውን ዘርግቶ ተከተለው። ገና ከግቢ ሳይወጡ እናቴ ባልዲዋን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ «ዕቃውን ረስቷል፤ አድርሽለት» አለችኝ።

ማንም የረሳው ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሮጥኩ። ከአጥሩ ውጪ ደረስኩበት፤ ባልዲዋን ስዘረጋለት መጀመሪያ ላለመቀበል እጁን ኪሱ ከተተ። ፊቴን እንደገና አየኝ። ይናገራል ብዬ የጠበቅሁት ሌላ ነገር ነበር።

«አንቺ ምን ዓይነት ፊልም ትወጃለሽ?» አለኝ።

ምን እንደመለስኩለት ስንት ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ። አልመጣልኝም። አንድ ነገር ብዬው ፈገግ ማለቱን ብቻ አስታውሳለሁ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ተመለከተ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባልዲዋን ተቀበለኝ።

አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ ዋጫ ላይ አረፈ። ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ሊደርሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ማን ሞተብኝ? የእኔው ከሞተ ስንት ጊዜው» ብላ መለሰቻቸው። ለቀብሩ ከወታደሩ ጋር ሄድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር እሷ ገበያ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ እሁድ የሚመጣ ጠፋ። ጸሐፊዋም ቀረች። እኔና እናቴ ብቻችንን እናይ ጀመር፤ እሷም አስተያየት መስጠት ተወች። ጀግናው ቢዘፍን፣ ሴትዮዋ ብታለቅስ ዝም። ዝምታዋ ከምላሷ ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር።

አንድ እሁድ ያልተተረጎመ የህንድ ፊልም ገጠመን። ልቀይረው ስል እጄን ያዘችው።

«አባትሽ ቪዲዮ ቤት ይወስደኝ ነበር» አለች። «ገና ከገጠር መምጣቴ ነው፤ አማርኛውን እንኳ አጥርቼ አልሰማም። ጆሮዬ ሥር ሆኖ በቋንቋችን በካፊኖኖ ይተረጉምልኝ ነበር።»

«ህንድኛ ይችል ነበር እንዴ?»

«አንድ ቃል አይችል! ከሆዱ እያመጣ ነው።» ልትስቅ ብላ ተወችው። «ኋላ ያንኑ ፊልም በትርጉም አየሁት። ከነገረኝ አንድም ነገር የለበትም። ሰውየው በመጨረሻ ይሞታል። እሱ ግን ደክሞት ተኛ ብሎኝ ነበር።»

«የሱ ይሻል ነበር» ብላ ጨመረች።

እናቴ ስለ ፊልም በጎ ነገር ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ወደ እሷ ተጠጋሁ። አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ፣ በዚያች በተሰባበረች ካፊኖኖዬ፣ ሰውየው እናቱን ፍለጋ መምጣቱን፣ ልጅቱ ደግሞ መንገዱን እየመራችው መሆኑን ፈጥሬ እነግራት ጀመር። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። የጸጉሯ ቅቤ ይሸተኝ ነበር።

«ተይው» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አትችይበትም።»

ተውኩት። ጎን ለጎን ሆነን፣ ሁለታችንም የማንሰማውን ቋንቋ እየሰማን እስኪያልቅ አየነው።