ባሻን የሻርኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ወር፣ በጎረቤቴ ቀብር ላይ ነው። ቀብር ላይ የሆነን ነገር እያነሱ መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ያንን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ እስቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ከውስጤ አልወጣልኝ ስላለ ጻፍኩት።

ሟቹን አፍንጮ በር ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል። ስማቸው ደጀኔ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ባሻ» ከማለት ሌላ ጠርቷቸው አያውቅም። ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጡት እኔ ሳልወለድ ነው። ወታደርነቱ ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ወልውለው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ታክሲ መያዣው ጋ ብቅ ይላሉ። የሚሄዱበት ኖሯቸው አይደለም፤ ሰልፉን ሊያዩት ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሰልፉ ጎን ከዳር እስከ ዳር አንዴ ይራመዳሉ። ይሄኔ ጣልቃ የገባው ሁሉ ማንም ሳይናገረው ወደ ኋላው ይመለሳል። አንድ ቀን እሳቸው ሲያልፉ ትራፊክ ፖሊሱ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ሲከት አይቻለሁ።

የጦር ሜዳ ወሬ አይወዱም። ስለ ውጊያ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ስለ ካልሲ ነው። «ወታደር እግሩን ካመመው ሌላው ሁሉ ተረት ነው» ይሉኝ ነበር።

ታመው በተኙ ጊዜ ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጦር ጓደኞቼ ሳይቆሙልኝ እንዳትቀብሩኝ አሉ።

ሲያርፉ ዕድሩ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ እንዳነብ እኔን መረጠኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ የምጠራው «ቲቸር» ተብዬ ነው። እትዬ አስካለ የጡረታ ወረቀታቸውን ከሳጥን አውጥተው ሰጡኝ። ወረቀቱ «ሻለቃ ባሻ ደጀኔ» ይላል።

ተቀምጬ አሰብኩበት። ሻለቃ ማዕረጋቸው ነው፤ ባሻ ደግሞ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ የድሮ የአክብሮት መጠሪያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሐዘንተኛ ሴት ለምን አስቸግራለሁ ብዬ እትዬ አስካለንም አልጠየቅኩም። ተማሪዎቼን ትርፍ ቃል ቁረጡ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝና ባሻን ቆረጥኩት። «ሻለቃ ደጀኔ» ብዬ ሳነበው እንዲያውም አማረኝ።

የቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሁለት ቀብር ተገናኝቷል። በአንድ ወገን የእኛው፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የአንዲት አሮጊት። ከእኛ ለቀስተኞች ፊት ሦስት ሽማግሌዎች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ቆመዋል፤ የባሻ የጦር ጓደኞች ናቸው። መሪያቸው ሻምበል ታፈሰ የሚባሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ዓይናቸው የደከመ ረጅም ሰው ናቸው።

ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሻለቃ ደጀኔ ከአባታቸው…» ብዬ ጀመርኩ። ሻምበል ታፈሰ ጆሯቸውን አቀኑ። ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ «ሻለቃ ደጀኔ» ብዬ ስደግመው «አይደለም» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አስከትለው ከሕዝቡ መሃል ወጡ። ለሽንት የሄዱ መስሎኝ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ቀና ስል ሦስቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአሮጊቷ ቀብር ላይ ቆመዋል። የአሮጊቷ ዘመዶችም ሜዳሊያውን አይተው ኖሮ ወንበር እያቀረቡላቸው ነው።

እትዬ አስካለ ለቅሷቸውን አቋረጡ። «ልጄ፣ የሱ ሰዎች ወዴት ሄዱብኝ?» አሉኝ።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሻምበልን ክንዳቸውን ይዤ የደጀኔ ቀብር በዚያ በኩል እንደሆነ ነገርኳቸው።

«የለም ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው። «እዚያ የሚቀበረው ሰውዬ ሻለቃ ነው። እኔ የመጣሁት ሻለቃ ባሻ ደጀኔን ልቀብር ነው።»

ሁለቱ አንድ ሰው እንደሆኑ፣ ባሻን ለማሳጠር ብዬ የቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ተናዘዝኩ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ፈተና የወደቀ ተማሪ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሻምበል እዚያው ቆመው አስተማሩኝ። ሻለቃ መኮንን ነው። ሻለቃ ባሻ ግን ከተራ ወታደርነት ተነስቶ፣ አስር አለቃነትን፣ ሃምሳ አለቃነትን፣ ሻምበል ባሻነትን አልፎ የበታች ሹሞች ሁሉ ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ነው። እዚያ የሚደርሰው ከስንት አንዱ ነው።

«ምክትል መቶ አለቃ ሆኜ ስመጣለት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አሉኝ። «ጠዋት ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ ምን ብዬ እንደማዝ በጆሮዬ ይነግረኛል። እኔን መኮንን ያደረገኝ እሱ ነው። አንተ የሾምከው መስሎህ ሻርከው።»

ይቅርታ ጠየቅኩና አሁኑኑ አርመዋለሁ አልኳቸው። «ከመጀመሪያው ጀምረህ» አሉኝ። አራታችን ወደ እኛው ቀብር ስንመለስ ግራ የገባቸው የአሮጊቷ ለቀስተኞችም ተከትለውን መጡ፤ የባሻ ቀብር በአንዴ ደመቀ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስህተቴን ተናግሬ እንደገና ጀመርኩ። ሻምበል ለኔ የነገሩኝን ለሕዝቡም ደገሙት። «ሻለቃ ባሻ» ባልኩ ቁጥር ሦስቱ ሽማግሌዎች እኩል ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። አንብቤ ስጨርስ በላብ ተጠምቄያለሁ።

ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ሻምበል ታፈሰ ከዘራቸውን ለእኔ አስያዙኝ። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ቀጥ አሉና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ። በውትድርና ሰላምታ የሚቀድመው በማዕረግ ታናሹ ነው።

«ሁልጊዜ የምትቀድመኝ አንተ ነበርክ» አሉ። ሳጥኑ መሬት እስኪነካ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም።

እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ማልቀስ ትተው ቀና ብለው አዩአቸው። በሠልስቱ ቀን ደግሞ ባሻ ቢሰማህ ኖሮ አንድ ሳምንት አያናግርህም ነበር ብለው ሳቁብኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያያት የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ ብላ የእትዬ አስካለ እህት ነገረችኝ።

አራዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ አያልፍም። ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ስገባ ጓደኞቼ ተነስተው ሰላምታ ይሰጡኛል፤ እኛንስ የምትሾመን መቼ ነው እያሉ ይጠይቁኛል። ጆሮዬ አሁንም ይግላል።

ቢሆንም አንድ ነገር አስባለሁ። ያን ቀን ሳልሳሳት አንብቤ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ሻምበል ታፈሰም ያን ሁሉ ባልተናገሩ ነበር። ስለዚህ ስህተቴን እጸጸትበታለሁ፤ ሙሉውን ግን አይደለም፣ ግማሹን ብቻ።