ፍልሰታን በሽሮ የፈታንበት ክረምት

ባገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ባለቤቴ ላም ገዝቶ ደባርቅ ካለው ቤታችን ጓሮ አሰራት። እኔ ጎንደር ከተማ ስላደግሁ ላም የማውቀው መንገድ ስታቋርጥ ብቻ ነበር። ቢሆንም «ለእኔ ተዋት» አልኩ። ፉርሽካ ረከሰ ሲሉኝ አራት ጆንያ አስመጣሁና ማድ ቤት ጥግ አፈሩ ላይ ቆለልኩት። የደባርቅ ጉም ደግሞ በር ስለተዘጋበት የሚቀር አይደለም።

ፍልሰታ ሲጋመስ ላሚቱ ፉርሽካውን እያሸተተች ፊቷን ታዞር ጀመር። ባየው የታችኛው ጆንያ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ተጋግሯል። ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ። ፈርፍሬ፣ ጨው ነስንሼ ሰጠኋት፤ በላችልኝ። በሙያዬ ኮራሁ። ለዶሮዎቹም በተንኩላቸው።

በጾሙ ፍቺ ዋዜማ አማቴ ከጃናሞራ መጡ። መሪጌታ ናቸው። በጾሙ የታለበው ሁሉ እርጎና ቅቤ ሆኖ እየጠበቃቸው ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ ላሚቱን ሊያዩ ጓሮ ገቡና ገንዳውን አሸተቱ።

«ልጄ፣ ይህን አንቺ ትቀምሽዋለሽ?»

«ጾም ላይ ነኝ፣ አባ።»

«ፉርሽካም ፍስክ ሆነ?»

ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪሟን ጠርቶ መጣ። ጆንያውን ገልብጣ አየችና፣ «እንዲህ ያለ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። በዓይን አይታይም፤ ወተት ውስጥም ይገባል» አለች።

«አፍላ? መርዝም እንደ ጎረምሳ አፍላነት አለው?» አሉ መሪጌታ። «በጨው አይለቅም?»

«በጨውም በማፍላትም አይለቅም፣ መሪጌታ።»

«እርጎውስ?»

«ይደፋ።»

«ቅቤውስ?»

«እሱንም ባትነኩት ይሻላል።»

«እንቁላል አለን!» አልኩ በችኮላ። ሐኪሟ ዞር አለች። ዶሮዎቹ ያንኑ ፉርሽካ እየጫሩ ነው። መሪጌታ ገልመጥ አድርገው አዩኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሽሮ ቀረበ። ከሐፍረቴ የተነሳ ቀና ማለት አቃተኝ። መሪጌታ ባርከው ቆረሱና፣ «አገሩ አሥራ አምስት ቀን ጾመ፤ የእኔ ምራት አሥራ ስድስተኛውን ጨመረችልን» ቢሉ ባለቤቴን ትን አለው። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

ፉርሽካውን ቀበርነው። ላሚቱ በሳርና በገብስ ጭድ ሰንብታ፣ ሐኪሟ ስትፈቅድልን ወተቷን ጠጣን። መሪጌታ ከመሄዳቸው በፊት ባሕር ዛፍ አጋድመው ለጆንያ የሚሆን ቆጥ ሠሩልኝ። ድጓ እያዜሙ ምስማር ሲመቱ መዶሻው ከዜማው ጋር እኩል ይወርድ ነበር።