ለእናቴ የተፈቀደና የተከለከለ

ክፉ ነኝ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ወልቂጤ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ተማሪ ገጹን አዘበራርቆ ካመጣብኝ ፊቱ ላይ ነው የምወረውርለት፤ የሚነዘንዘኝን ደንበኛ «ሂድና ሌላ ቤት ሞክር» እለዋለሁ። ያም ሆኖ ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ሥራዬ ንጹሕ ነዋ። በወረቀት አምናለሁ። ሰው ይዋሻል፣ ሰው ይረሳል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ግን ያው ነው እል ነበር።

እናቴ ከገጠር፣ ከቸሃ እኔ ዘንድ የመጣችው ስኳሯ ጠንቶባት፣ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ላይ ቁስል ይዛ ነው። አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ነው የላጣት። እግሯ ስለደነዘዘ እንኳን ሕመሙን ጫማውንም በቅጡ አልተሰማትም። መጀመሪያ ሳየው ሽንብራ የምታህል ነገር ነበረች። ሐኪሙ ቁስሉን አገላብጦ አየና ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ፦ «ስኳሯ ካልወረደ ይህ ቁስል አይድንም። ካልዳነ ደግሞ እግሯን ልታጣ ትችላለች።» ስንወጣ እናቴ ክንዴን ይዛ «ምን አለ?» አለችኝ። «አፍሽን ካልያዝሽ እግርሽን በመጋዝ ነው አለ» አልኳት። መጋዝ አላለም። እንድትፈራ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በቴሌግራም አንድ ወረቀት ላከልኝ። እሱንም ስኳር ጀማምሮት ነበር፤ እንጀራና ዳቦ እርግፍ አድርጎ ትቶ ሥጋና ቅቤ መብላት ከጀመረ ወዲህ ቦርጩ ጠፋ፣ ስኳሩም ወረደ። «እማዬን አስጀምሪያት፤ ብቻ እንዳታጭበረብርሽ» አለኝ በድምፅ መልእክት። ሐኪሙን ጠይቂ አላለኝም፤ እኔም ምን ቆርጦኝ እጠይቃለሁ! ወረቀቱ በሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንድ በኩል የተከለከለ፣ በሌላው በኩል የተፈቀደ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ሙዝ፣ ማር፣ ለስላሳ አይነካም። ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን፣ አቮካዶ እስኪጠግቡ ይበላል። በትልቅ ፊደል አተምኩት፣ በፕላስቲክ ላሚኔት አደረግሁትና ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ፊት ለፊቱ ቆማ ባለሥልጣን ቢሮ እንደገባ ሰው እጇን አጣምራ አየችውና «ምን ይላል?» አለች። አንድ በአንድ አነበብኩላት። እንጀራ ስል ከንፈሯን መጠጠች፣ ድንች ስል ራሷን ነቀነቀች። ስጨርስ ፈራ ተባ እያለች «ቆጮስ?» አለችኝ።

ዝርዝሩን በጣቴ ከላይ እስከ ታች ወረድኩት። ቆጮ የለም። ደግሜ ወረድኩት። ከዚያው ከእንሰት የሚወጣው ቡላም የለም። «አልተከለከለም» አልኳት።

«ተመስገን! ይህን የጻፈው የኛው አገር ሰው ነው ማለት ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ውስጥ ነበርን፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለቅቤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ክትፎውን እኔው ራሴ እከትፋለሁ፣ አይቡንና ጎመኑን አሰናዳለሁ፣ ቅቤውን ሳልሰስት አፈስበታለሁ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ደስታዋን አልቻለችውም። «እንዴ ልጄ፣ ይሄ በሽታ ነው ወይስ መስቀል ነው?» ትለኝ ነበር። ቆጮውን አክስቴ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በሚኒባስ ትልክልናለች፤ በስሱ ጋግሬ እቆራርጥላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቡላ በቅቤ። እኛ ዘንድ አራስም በሽተኛም የሚያገግመው በቡላ ነው። ቆጮ በዛ፣ ቆጮ አነሰ ብሎ ነገር በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም። እንደ ውሃ ነው፤ ማዕድ ከቀረበ አብሮ ይቀርባል፣ ምን በላሽ ሲባል ማንም ከቁጥር አያስገባውም።

የስኳር መለኪያ ገዝቼ ጠዋት ጠዋት ጣቷን መውጋት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ዘጠና። በሳምንቱ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት መቶ አሥር። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የራሴንም ጣት ወጋሁ፤ ደህና ነው።

«ምን በላሽ?»

«አንቺ የሰጠሽኝን።»

«ሌላስ?»

«ምንም፣ በማርያም።»

«ማርያምን ለቀቅ አድርጊያት!» ብዬ ጮህኩባት።

ስኳሩን ቆለፍኩበት። ማሩን ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ለራሴ የምገዛውን ዳቦ ስወጣ ቆጥሬ ስመለስ እቆጥራለሁ። ምንም አይጎድልም። ባይጎድልም ግን ቁጥሩ አይወርድም፤ እኔም «ይቺ ሴትዮ ከኔ ትበልጣለች፣ በደንብ ነው የተካነችው» አልኩ። ቁስሉ ሽንብራ ከነበረበት የአምስት ሳንቲም ያህል ሰፍቶ፣ ዙሪያው መጥቆር ጀምሯል። ፈርቼ ነበር። እኔ ደግሞ ስፈራ እናደዳለሁ፤ ሌላ መፍሪያ አላውቅም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎንደር ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ከእናቴ ጋር የልብ ወዳጆች ሆነው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ቤት፣ እሳቸው ቡናቸውን በስኳር፣ እናቴ የሷን በጨውና በቅቤ እየጠጡ አብረው ይውላሉ። ስኳር ያለበት ቤት ሌላ የት አለ? አንድ ቀን በራቸው ላይ ሄጄ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ «እትዬ፣ እናቴን መግደል ከፈለጉ በአንዴ ይግደሏት፤ በማንኪያ በማንኪያ አይሁን!» አልኳቸው። «እኔ? ልጄ፣ ምን አድርጌ?» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እሷም ወደዚህ አትመጣም፣ እርስዎም በራችንን እንዳያንኳኩ» ብያቸው ተመለስኩ። እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰዓቱን ብቻዋን ትቀመጥ ጀመር።

ቁጥሩ አሁንም አልወረደም። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ አልጋዋን ገልብጬ ጠበቅኋት። ፍራሹ ሥር አየሁ፣ የትራሱን ልብስ አወለቅሁ፣ ከቸሃ ያመጣችውን የልብስ ጓዟን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረች ነገር አገኘሁ። «ያዝኩሽ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ፈታሁት፤ ነጣ ያለ ዱቄት ነው። እናቴ በሩ ላይ እንደቆመች ጣቴን ነክሬ ላስኩት። አፈር አፈር አለኝ። የቤተ ክርስቲያን እምነት ነው፤ ቁስሏን የምትቀባው። ጎንበስ ብላ መሬት የፈሰሰውን በመዳፏ ሰበሰበችና መልሳ ቋጠረችው። ይቅርታ ልላት ይገባ ነበር፤ እኔ ግን «ያው የሆነ ቦታ ደብቀሻል» አልኳት።

ማዋረዴ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ቀን መለኪያው ሦስት መቶ አርባ አለ። ወንበር ላይ አስቀምጬ «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች። አሸተትኩት። «ምላስሽን አውጪ።» አወጣች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ስድስት ልጅ የወለደች ሴት እንደ ሕፃን ምላሷን አውጥታ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ምንም የለም። ያን ጊዜ ብሶብኝ ጮህኩ፦ «እግርሽ ሲቆረጥ ማን ሊሸከምሽ ነው? እኔ? ሱቄን ዘግቼ አንቺን አዝዬ ልዙር? ለከርስሽ ብለሽ እኔን ልትቀብሪኝ ነው?»

ምላሷን ሰብስባ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ «እሺ፣ በልቻለሁ» አለች።

«ምን?»

«ስኳር።»

«ከየት አምጥተሽ?»

መልሱን ስትፈልግ አየኋት። አዎ፣ ስትፈልግ አይቻታለሁ፤ ይህን መካድ አልችልም። ሰርቆ የበላ ሰው ከየት እንዳመጣው አይጠፋውም። «ከመምህርቷ ቤት ይሆናል» አለች። እዚያ ቤት መሄድ ካቆመች ሰንብታለች፤ እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ ልክ ነበርኩ ማለት ነዋ! ወዲያው ወንድሜ ጋ ደውዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩት። «ንገሪው» አልኳት። ነገረችው። የሱ ጩኸት እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል። «ይቅር በሉኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለችው ለልጇ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ክትፎዋን በቆጮ አቀረብኩላት። ሳትበላ ስትቀር «አኩርፈሽ ነው?» ብዬ ቆጮውን እየቆረስኩ በግድ አጎረስኳት።

ሃምሳው ሳያልቅ ጣቷ ከሰል መሰለ፣ ክፍሉም ሸተተ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት። በተሽከርካሪ ወንበር ኮሪደሩ ላይ ትቻት መዝገብ የምትሞላው ነርስ ዘንድ ገባሁ። በዕድሜ ጠና ያለች ናት፤ አነጋገሯ የጉንችሬ ሰው፣ የኛው አገር ልጅ መሆኗን ይናገራል። «ምን ትበላለች?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ላሚኔቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ክትፎ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ጎመን እያልኩ ዘረዘርኩላት። «እኔ አንድም ነገር አላጓደልኩም ሲስተር፤ እሷ ናት በድብቅ ስኳር የምትበላው» አልኩ።

ነርሷ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ክትፎውን በምን ትበላዋለች?» አለች።

«በቆጮ ነዋ።»

«በቀን ስንቴ?»

«ምሳም እራትም። ጠዋት ቡላ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቆጮ ምን መሰለሽ? ሆድ ከገባ በኋላ ያው እንደ ዳቦው ስኳር ነው የሚሆነው። ቡላማ አይነሣ። ከዚያ ሁሉ ቅቤ ጋር!»

«ዝርዝሩ ላይ የለም እኮ» አልኩ።

«እህቴ፣ ይህን የጻፈው ሰው እንሰት በዓይኑ አይቶ ያውቃል?»

መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፦ ዘወር ብዬ ኮሪደሩን አየሁ። ከማዘኔ በፊት፣ ከመደንገጤም በፊት፣ እናቴ ሰምታ እንደሆነ ነው ያየሁት። ሩቅ ነበረች፤ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትዳብሳለች። አልሰማችም። ደስ አለኝ። ነርሷ «ለእናትሽ በደንብ አስረጂያት» አለችኝ፤ «እሺ» አልኳት።

እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ሆስፒታል በቆየችበት ጊዜ የስኳር መርፌ ተጀመረላት፤ ቆጮ የሚባል ነገር አጠገቧ አልደረሰም። ቤት ስንመለስም «ቆጮ ቁስል ያመግላል ብለዋል» ብዬ አስተውኳት። ሌላ ውሸት። ቁጥሩ ወረደ፤ መቶ ሃምሳ፣ መቶ አርባ። በየጠዋቱ «ስንት አለ?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ነበር። መጀመሪያ ምክንያቱ አልገባኝም።

የገባኝ መምህርቷ ሊጠይቋት በመጡ ቀን ነው። ያን ያህል ሰድቤያቸው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እናቴን አቅፈው አለቀሱ። እናቴ እጃቸውን ይዛ «በገዛ አፌ ነው እትዬ፤ እግሬን የበላሁት እኔው ነኝ» አለቻቸው። «ስኳር መብላቴን አላስታውሰውም ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ከርስዎ ሲኒ ላይ የቀረ ነው የሚሆነው። ይኸው እርስዎ ቤት መሄድ ከተውኩ በኋላ፣ ውስጤ የከረመው ሲያልቅ ወርዷል።»

«ሲኒውን ሁልጊዜ አለቀልቀዋለሁ እኮ!» አሉ መምህርቷ።

«የርስዎ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልተጠነቀቅሁት።»

«ኧረ እኔ ነኝ፤ በደንብ ባጥበው ኖሮ... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» እያሉ ደረታቸውን ደቁ።

ምንም ያላጠፉ ሁለት ሴቶች የኔን ጥፋት ለሁለት ሲካፈሉት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ቆጮ ብል ያበቃ ነበር። አፌን ከፍቼ «ውሃ ላምጣላችሁ» አልኩና ተነሣሁ።

መምህርቷን እስከ በር ሸኝቼ ስመለስ እናቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። አጠገቧ እንድቀመጥ አልጋውን መታ መታ አደረገች። ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ስትለፊ ዋሽቼሻለሁ፤ አስለቅሼሻለሁ። እንዲህ ሆኜ ደግሞ ሸክም ሆንኩብሽ» አለችኝ። «ሳልሞት ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

እጄን ሳበችና ሳመችው።